ምን ትዋብ
ስለ አንዲት ሴት ስም የተጻፈ ንባብ

፩። ስም እንዴት እንደሚወጣ

ሰው ወደዚህ ዓለም ሲመጣ ራቁቱን ይመጣል። ልብስ የለውም፤ ከብት የለውም፤ ርስት የለውም። ከተወለደ በኋላ ከሚሰጡት ስጦታዎች ሁሉ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ድረስ አብሮት የሚኖረው ስሙ ነው። ልብስ ያረጃል፤ ከብት ያልቃል፤ ቤት ይፈርሳል። ስም ግን ባለቤቱ ከሞተ በኋላ እንኳ በሰው አፍ ላይ ይኖራል። ስለዚህ አባቶች «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ።

በአገራችን ክርስቲያን ልጅ ብዙ ጊዜ ሁለት ስም አለው። አንደኛው የዓለም ስም ነው፤ ይህን እናት ወይም አባት ወይም አያት ያወጡታል። ሁለተኛው የክርስትና ስም ነው፤ ይህን ወንድ ልጅ በአርባ ቀን፥ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀን ሲጠመቁ ካህኑ ይሰጣቸዋል። የሴት ልጅ የክርስትና ስም ብዙውን ጊዜ «ወለተ» ብሎ ይጀምራል፤ ወለተ ማለት በግዕዝ ሴት ልጅ ማለት ነው።

የዓለም ስም በቤቱ ውስጥ የሆነውን ነገር ይናገራል። ወላጆች ሰው ሞቶባቸው ካዘኑ በኋላ የተወለደውን ልጅ ካሣ ወይም ምትኬ ወይም ማስረሻ ይሉታል። አንዳንድ ስም ደግሞ ከአንድ ቃል የሚበልጥ ሙሉ ንግግር ነው። ምንተስኖት የሚለው ስም ለአምላክ የሚሳነው ነገር የለም ማለት ነው። ምን ትዋብ የሚለውም የሴት ስም እንደዚሁ ሙሉ ንግግር ነው።

፪። የስሙ ትርጕም

ምን ትዋብ አምስት ፊደል አለው፤ ሁለት ቃልም ነው። ብዙ ሰው አያይዞ ምንትዋብ ብሎ ይጽፈዋል፤ ትርጕሙን ለማወቅ ግን ለይቶ ማንበብ ይሻላል።

የመጀመሪያው ቃል «ምን» ነው። ምን ብዙ ጊዜ መጠየቂያ ነው፤ «ምን አመጣህ?» «ምን በላህ?» እንደሚባለው። አንዳንድ ጊዜ ግን መደነቂያ ይሆናል። አንድ ሰው በመስከረም ማለዳ ሜዳው ሁሉ አደይ አበባ ለብሶ ባየ ጊዜ «ምን ያምር!» ቢል፥ መልስ የሚሰጠው ሰው አይፈልግም፤ ልቡ ስለ ተደነቀ ይናገራል እንጂ። በዚህም ስም ውስጥ ያለው ምን መደነቂያ ነው።

ሁለተኛው ቃል «ትዋብ» ነው። ይህ ከውብ፥ ከውበት፥ ከተዋበ ጋር አንድ ቤተ ሰብ ነው። በፊቱ ያለችው ትንሽ ፊደል «ት» የምትመሰገነው ሴት እንደ ሆነች ታስረዳለች፤ ወንድ ቢሆን ኖሮ «ይዋብ» በተባለ ነበር። እንግዲህ ምን ትዋብ ማለት እንዴት ያለች ውብ ናት ማለት ነው።

ይህን ቃል የሚናገረው ማን ነው? ሕፃኒቱን በእቅፉ ይዞ የሚመለከታት ሰው ነው። አሁን የተወለደ ሕፃን ግን ቆዳው ቀይ ነው፤ ፊቱ የተጨማደደ፥ ዐይኑ የተጨፈነ ነው። እንግዳ ሰው ቢያየው ብዙ ውበት አያገኝበትም። እናቱ ግን ምጧን ረስታ «ምን ትዋብ!» ትላለች። ስለዚህ ይህ ስም ከሕፃኒቱ መልክ ይልቅ የእናቲቱን ፍቅር ይናገራል። ልጅቱ ስሟን ማንበብ በተማረች ቀን እናቷ በወለደቻት ሰዓት የተናገረችውን ቃል ታነባለች።

፫። እቴጌ ምን ትዋብ

ይህን ስም በታሪክ ያስጠሩት የጎንደር እቴጌ ናቸው። የተወለዱት በቋራ አገር ነው፤ ቋራ ከጎንደር ወደ ምዕራብ ያለ ቆላ ነው። የዓለም ስማቸው ምን ትዋብ፥ የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፥ የመንግሥት ስማቸውም ብርሃን ሞገሳ ነበረ።

ዐፄ በካፋ ልብሳቸውን ለውጠው እንደ ተራ መንገደኛ አገር እየዞሩ የሕዝቡን ኑሮ ይመለከቱ ነበር ይባላል። አንድ ጊዜም በቋራ ሳሉ ታመው በአንድ ባላባት ቤት ተኙ። የቤቱ ልጅ እንግዳው ማን እንደ ሆነ ሳታውቅ ውሃ እያቀረበች፥ ምግብ እየሰጠች አስታመመቻቸው። ንጉሡም ከዳኑ በኋላ ያችን ልጅ አስመጥተው አገቧት ተብሎ ይነገራል። እንግዲህ በዚህ ነገር መሠረት ልጅቱን ወደ ቤተ መንግሥት ያስገባት መልኳ ብቻ አይደለም፤ ለማታውቀው በሽተኛ መራራቷም ነው።

ዐፄ በካፋ በ1723 ዓ.ም. ሞቱ። ልጃቸው ኢያሱ ገና ሕፃን ስለ ነበሩ እናታቸው በዚያው ዓመት ዘውድ ደፍተው ከልጃቸው ጋር ነገሡ። ከዚያም ወዲህ ከሠላሳ ዓመት በላይ በመንግሥቱ ሥራ ትልቅ ሥልጣን ነበራቸው። ወንድማቸው ራስ ወልደ ልዑልም ይረዷቸው ነበር።

እቴጌ ምን ትዋብ ብዙ ሕንፃ አሠሩ። በጎንደር በነገሥታቱ ግቢ ውስጥ በስማቸው የሚጠራ ግንብ አለ። ከከተማው ወጣ ብሎ በተራራ ሥር የደብረ ፀሐይ ቍስቋምን ቤተ ክርስቲያን ከቤተ መንግሥት ጋር አሠሩ። ቍስቋም የሚለው ስም የመጣው እመቤታችን ከልጅዋ ጋር በስደት ካረፈችበት ከግብጽ አገር ቦታ ነው። በጣና ባሕርም ውስጥ በደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴን አሠሩ።

በናርጋ ሥላሴ ግድግዳ ላይ የእቴጌይቱ ሥዕል አለ። ውበታቸው በስማቸው የተነገረላቸው ንግሥት በዚያ ሥዕል ላይ በዙፋን ተቀምጠው አይታዩም። እመቤታችን ልጅዋን ታቅፋ ሳለ፥ እርሳቸው ከእግሯ በታች በግንባራቸው ተደፍተው ይታያሉ። ሥዕሉን የሚመለከት ሰው አስቀድሞ የሚያየው እመቤታችንን ነው፤ ንግሥቲቱን የሚያገኛቸው ዐይኑን ወደ ታች ሲያወርድ ነው።

፬። ሁለቱ ውቦች

ዐፄ ኢያሱ ካደጉ በኋላ ከኦሮሞ ባላባት ወገን የሆኑ አንዲት ወይዘሮ አገቡ። የወይዘሮዪቱ ስም ውቢት ነበረ፤ የክርስትና ስማቸውም ቤርሳቤህ ነው። ውቢት ማለት ውብ የሆነች ማለት ነው። እንግዲህ በአንድ ቤተ መንግሥት ውስጥ አማትና ምራት ሁለቱም በውበት ስም የሚጠሩ ሆኑ።

ዐፄ ኢያሱ በ1747 ዓ.ም. ሞቱ፤ ከወይዘሮ ውቢት የተወለዱት ሕፃኑ ኢዮአስም ነገሡ። በዚያን ጊዜ አያቲቱ እቴጌ ምን ትዋብ እንደ ቀድሞው ለመግዛት ፈለጉ። እናቲቱ ወይዘሮ ውቢትም «የንጉሡ እናት እኔ ነኝ፤ ለሕፃኑ ሞግዚት መሆን የሚገባኝ እኔ ነኝ» የሚል አሳብ ነበራቸው። ሁለቱም በኩል የዘመዱን ሹመት ይሻ ነበር። የእቴጌይቱ የቋራ ወገኖች በአንድ በኩል፥ የወይዘሮ ውቢት ወገኖች በሌላ በኩል ቆሙ። ሁለቱ ሴቶች ያንኑ አንድ ሕፃን ይወዱት ነበር፤ ነገር ግን በመካከላቸው ፍቅር አልነበረም።

ጠቡ እየበረታ በሄደ ጊዜ ከትግሬ ኃይለኛው መኰንን ራስ ሚካኤል ስሑል ወደ ጎንደር ተጠሩ። እርሳቸውም ከብዙ ሠራዊት ጋር ገብተው ሥልጣኑን ለራሳቸው ወሰዱ። በ1761 ዓ.ም. ንጉሡ ኢዮአስ በራስ ሚካኤል ትእዛዝ ተገደሉ። ከዚያ በኋላ ነገሥታቱ ስም ብቻ ቀርቶላቸው መሳፍንቱ እርስ በርሳቸው ሲዋጉ፥ አገሪቱ እስከ 1847 ዓ.ም. ድረስ 86 ዓመት ያህል ተከፋፍላ ኖረች። ይህም ዘመነ መሳፍንት ይባላል። የዘመኑ መከራ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የሁለቱ ወይዛዝርት አለመስማማት ግን አንዱ ነው። ውብ ስም ያላቸው ሁለት ሴቶች ሥልጣኑን ተካፍለው መኖር ስላልቻሉ፥ ሁለቱም የሚሳሱለትን ልጅ አጡ።

፭። የእቴጌይቱ ምኞት

እቴጌ ምን ትዋብ ካረጁ በኋላ ኑሯቸው በቍስቋም ነበረ። በ1762 ዓ.ም. ጄምስ ብሩስ የሚባል የስኮትላንድ ሰው የዓባይን ምንጭ ለማየት ወደ ጎንደር መጣ። በዚያን ጊዜ በቍስቋም ቤተ መንግሥት የፈንጣጣ በሽታ ገብቶ ነበርና፥ ብሩስ የታመሙትን ልጆች አስታመመ። እቴጌይቱም ስለዚህ ወደዱት፤ እየጠሩም ያነጋግሩት ነበር።

ብሩስ በመጽሐፉ እንደ ተረከው፥ አንድ ቀን እቴጌይቱ በዚህ ሰው አሳብ ተደነቁ። እርሱ ከኢየሩሳሌም በኩል ብዙ ክፉ መንገድ አልፎ የመጣው ወንዝና ረግረግ ለማየት ነው። እርሳቸው ግን የነገሥታት እናት ሆነው ከሠላሳ ዓመት በላይ በዙፋን ከተቀመጡ በኋላ፥ የቀረላቸው ምኞት ሁሉን ትተው ኢየሩሳሌም መሄድ፥ በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን እየለመኑ መኖር፥ ሲሞቱም የቤተ ክርስቲያኑ በር በሚታይበት መንገድ ላይ መቀበር ነበረ።

ይህ ምኞት አልተፈጸመላቸውም። በ1765 ዓ.ም. ሞተው በቍስቋም ተቀበሩ፤ ልጃቸውና የልጅ ልጃቸውም በዚያው አሉ። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ጎንደርን ባቃጠሉ ጊዜ ቍስቋምም ተቃጠለ። ቤተ ክርስቲያኑ በኋላ እንደ ገና ተሠራ፤ የቤተ መንግሥቱ ፍራሽ ግን ዛሬም ቆሞ ይታያል።

፮። ስሙ በዛሬ ዘመን

ምን ትዋብ ብዙ ጊዜ የሚሰማ ስም አይደለም። ማርታ፥ ሣራ፥ ቤተልሔም፥ አልማዝ፥ አበበች የሚሉትን ስሞች ሰው ሁልጊዜ ይሰማል። ምን ትዋብ ግን በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ አንዲት ብትገኝ ወይም ከነጭራሹ ባትገኝ የሚያስደንቅ አይደለም። ቢሆንም አልጠፋም፤ ዛሬም በዚህ ስም የሚጠሩ ሴቶች አሉ። ወደ ሩቅ አገር የሄዱ ወላጆችም ይህን ስም ለልጃቸው ቢያወጡ፥ በባዕድ ፊደል ሲጻፍ ትርጕሙ ይሰወራል፤ በዚያ አገር የሚያነበው ሰው ድምፁን ይሰማል እንጂ የእናቲቱን መደነቅ አይሰማም። ስለዚህ ስሙን በአማርኛ ለልጅቱ መንገር የወላጆቿ ፋንታ ነው።

አሁን ልጆች ሆይ፥ ይህን ነገር አስቡ። በአንድ ክፍል ውስጥ ምን ትዋብ የምትባል ልጅ ብትኖር፥ ፊቷም ጠባሳ ያለበት ቢሆን፥ ጓደኞቿ «ስምሽና መልክሽ አይገናኝም» ብለው ይስቁባት ይሆናል። እነዚህ ልጆች የስሙን ትርጕም አላስተዋሉም። ስሟ የእናቷ የፍቅር ቃል ነውና፥ የሚያፌዙት በእናቷ ፍቅር ላይ ነው። እናቷ ዛሬም ብታያት ያንኑ ቃል ትደግመዋለች።

ደግሞ ልጅቱ ራሷ እንዲህ ብላ ታስብ፤ «እናቴ ምንም ሥራ ሳልሠራ አመሰገነችኝ። እንግዲህ እኔም ቃሏ በሥራዬ እንዲታይ ልትጋ።» የጎንደሯ እቴጌ በሽተኛ ሲያስታምሙ፥ ቤተ ክርስቲያን ሲያሠሩ ስማቸው እውነት ሆነ። ስለ ሹመት በተጣሉ ጊዜ ግን ስማቸው አልረዳቸውም። ስም ወላጅ የሚዘራው ዘር ነው፤ ተንከባክቦ ፍሬ እንዲያፈራ ማድረግ ግን የባለቤቱ ሥራ ነው።

ጥያቄዎች።

፩፤ በምን ትዋብ ስም ውስጥ ያለው «ምን» የሚጠይቅ ነው ወይስ የሚደነቅ?
፪፤ የእቴጌይቱ ሦስቱ ስሞች ማን ማን ነበሩ?
፫፤ የእቴጌ ምን ትዋብና የወይዘሮ ውቢት ስም በምን ይመሳሰላል? የተጣሉትስ ስለ ምንድር ነው?
፬፤ እቴጌይቱ ባረጁ ጊዜ ምን ተመኙ?
፭፤ የአንተን ወይም የአንቺን ስም ማን አወጣው? ለምንስ? ቤት ስትገቡ እናታችሁን ወይም አባታችሁን ጠይቃችሁ ነገ ለክፍሉ ንገሩ።