በዲጂታል ካርታ ላይ የሚታዩ ፎቶግራፎች፦ ለተገልጋዩ የሚያሳውቁትና የማያረጋግጡት

በሀገራችን የአንድን መሥሪያ ቤት አድራሻ ለሚጠይቅ ሰው የሚሰጠው ምላሽ አብዛኛውን ጊዜ የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር አይደለም። «ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከፋርማሲው ጎን፣ አረንጓዴ በር ያለው» የሚል አገላለጽ ይበልጥ የተለመደና ለመንገደኛውም የሚቀል ነው። በዚህ ምክንያት በዲጂታል ካርታ ላይ የተቀመጠ ነጥብ ብቻውን ተገልጋዩን እስከ በሩ ላያደርሰው ይችላል። ነጥቡ ሲነካ በሚከፈተው ትንሽ መስኮት ውስጥ የሕንፃው ፎቶግራፍ ሲታይ ግን ተገልጋዩ የሚፈልገውን በር አስቀድሞ አይቶ መሄድ ይችላል። ይህ ጽሑፍ ተገልጋዮች እንዲህ ያሉ ፎቶግራፎችን በአግባቡ እንዲጠቀሙባቸው፣ ከአቅማቸው በላይ ማስረጃ አድርገው እንዳይወስዷቸውና የራሳቸውን ፎቶግራፍ ሲልኩም ጥንቃቄ እንዲያደርጉ ለማስገንዘብ የተዘጋጀ ነው።

መስኮቱ የሚሠራበት መንገድ

በካርታው ላይ የሚታየው እያንዳንዱ ምልክት ከአንድ የመረጃ መዝገብ ጋር የተያያዘ ነው። መዝገቡ የቦታውን ኬክሮስና ኬንትሮስ፣ የተቋሙን ስም፣ የአገልግሎቱን ዓይነት፣ የሥራ ሰዓቱንና ፎቶግራፉ የተቀመጠበትን የኢንተርኔት አድራሻ ይይዛል። ተገልጋዩ ምልክቱን ሲነካ መስኮቱ ይከፈታል፤ ፎቶግራፉም ከተቀመጠበት ቦታ ተጠርቶ ይታያል።

ፎቶግራፉ በካርታው ውስጥ ሳይሆን በሌላ ቦታ የሚቀመጥ በመሆኑ ፋይሉ ከተዛወረ ወይም ስሙ ከተቀየረ በመስኮቱ ውስጥ ባዶ ሣጥን ብቻ ይታያል። ይህ የመረጃ ግንኙነቱ መቋረጡን እንጂ ጽሕፈት ቤቱ መዘጋቱን አያመለክትም። በተመሳሳይ ሁኔታ በስልክ የተነሣ ፎቶግራፍ መጠኑ ሳይቀነስ ከተጫነ ብዙ ሜጋባይት ሊመዝን ስለሚችል ኔትወርክ ደካማ በሆነበት አካባቢ ለመከፈት ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ የተገልጋዩንም የኢንተርኔት ጥቅል ይጨርሳል። እንዲህ ያለ ችግር ሲያጋጥም በመስኮቱ ላይ የሰፈረውን ጽሑፍ አንብቦ አድራሻውን መያዝ ይቻላል።

ከመነሣትዎ በፊት ሊያረጋግጧቸው የሚገቡ ነጥቦች

ፎቶግራፍ የሚያሳየው የተነሣበትን ቀን ሁኔታ ብቻ ነው። ጽሕፈት ቤቶች ይዛወራሉ፣ የመንገድ ግንባታ የመግቢያ በሮችን ያስቀይራል፣ አጥርና ቀለምም ይለወጣል። ስለሆነም ተገልጋዩ በቅድሚያ ሊመለከተው የሚገባው ፎቶግራፉ የተነሣበትን ቀን ነው።

ቀኑ ሲነበብ የዘመን አቆጣጠሩን መለየት ያስፈልጋል። ስልኮች በአብዛኛው ቀኑን የሚመዘግቡት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ለምሳሌ መስከረም 10 ቀን 2017 ዓ.ም. የተነሣ ፎቶግራፍ በስልኩ መዝገብ ላይ ሴፕቴምበር 20 ቀን 2024 ተብሎ ይሰፍራል። በሌላ በኩል በመስኮቱ ላይ «2017» የሚል ቁጥር ብቻ ተጽፎ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ፣ ፎቶግራፉ የተነሣበት ዘመን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ሊለያይ ይችላል። የሥራ ሰዓትም እንዲሁ ነው። በመስኮቱ ላይ «8:30» ተብሎ የተመዘገበ የመክፈቻ ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2፡30 ሲሆን፣ «17:30» ደግሞ ከቀኑ 11፡30 ነው። ሰዓቱን በትክክል አለመረዳት ከሩቅ ቀበሌ የመጣን ባለጉዳይ የአንድ ቀን ሥራና የትራንስፖርት ወጪ ሊያሳጣው ይችላል።

ከዚህም በተጨማሪ ፎቶግራፉ የሕንፃውን ዋና መግቢያና በዙሪያው ያሉ ቋሚ ምልክቶችን ማሳየቱን ልብ ይበሉ። የአዳራሽ ስብሰባ ወይም የምረቃ ሥነ ሥርዓት ፎቶግራፍ ቦታውን ለማግኘት አይረዳም። ተሽከርካሪ ወንበር የሚጠቀሙ ወይም አረጋውያንን ይዘው የሚመጡ ተገልጋዮችም ደረጃና መወጣጫ መኖሩን ከፎቶግራፉ ማየት ይችላሉ።

ፎቶግራፉና ምልክቱ በማይገናኙበት ጊዜ

አንዳንድ ጊዜ ፎቶግራፉ ትክክለኛ ሆኖ ምልክቱ ግን የተሳሳተ ቦታ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ለዚህ ሁለት የተለመዱ ምክንያቶች አሉ።

የመጀመሪያው የቁጥሮች ቅደም ተከተል መቀያየር ነው። አዲስ አበባ በሰሜን ኬክሮስ 9 ዲግሪ እና በምሥራቅ ኬንትሮስ 38.7 ዲግሪ አካባቢ ትገኛለች። ሁለቱ ቁጥሮች ቦታ ቢቀያየሩ ምልክቱ የሚያርፈው በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ፣ ከጣሊያን የሰርዲኒያ ደሴት በስተደቡብ ነው። እንዲህ ያለው ስሕተት ወዲያውኑ ይታያል።

ሁለተኛው ግን በቀላሉ አይታወቅም። በሀገራችን ቀደም ሲል የተዘጋጁ በርካታ ካርታዎች «አዲንዳን» የተባለውን የመለኪያ መነሻ የሚጠቀሙ ሲሆን፣ ስልኮችና የድረ-ገጽ ካርታዎች ደግሞ ዓለም አቀፉን መነሻ ይጠቀማሉ። ከአሮጌ ካርታ የተወሰደ ቁጥር ሳይቀየር በአዲሱ ላይ ከተመዘገበ ምልክቱ ከእውነተኛው ቦታ ከ100 ሜትር በላይ ይርቃል። ይህም ተገልጋዩን ወደ ሌላ መንደር ሊወስደው ይችላል። በዚህ ጊዜ ከምልክቱ ይልቅ በፎቶግራፉ ላይ የሚታየውን ሕንፃ ለአካባቢው ነዋሪ አሳይቶ መጠየቅ ይመረጣል።

ፎቶግራፉ የይዞታ ማስረጃ አይደለም

በካርታ ላይ ፎቶግራፉ የታየ ቤት ወይም ቦታ በዚህ ምክንያት ብቻ የማንም ይዞታ መሆኑ አይረጋገጥም። በከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ ሕግ መሠረት የይዞታ መብት የሚመዘገበውና የሚረጋገጠው ሥልጣን በተሰጠው የመዝጋቢ ተቋም ነው። በካርታው ላይ የሚታየው መስመርም የወሰን ድንጋይን ወይም የካዳስተር ልኬትን አይተካም።

ስለሆነም ቤት ወይም ቦታ ለመግዛት፣ ለመከራየት ወይም ውል ለመዋዋል ያሰበ ማንኛውም ሰው በስልክ የሚታየውን የካርታ ምስል እንደ ዋስትና ሊወስደው አይገባም። ምልክት ማኖርና ፎቶግራፍ መጫን ለሕዝብ ክፍት በሆኑ ካርታዎች ላይ ማንም ሰው ሊያደርገው የሚችል ተግባር ነው። ገንዘብ ከመክፈል አስቀድሞ ማስረጃውን ከመዝጋቢው ተቋም ማጣራት ይገባል።

ፎቶግራፍ ለሚልኩ ዜጎች

የተሰበረ የውኃ መስመር፣ የተቆረጠ መንገድ ወይም የወደቀ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ፎቶግራፍ ከትክክለኛ ቦታው ጋር ሲደርስ የጥገና ባለሙያዎችን ሥራ ያፋጥናል። በስልክ የሚነሣ ፎቶግራፍ የተነሣበትን ሰዓት፣ የቦታ አመልካቹ ክፍት ከሆነም የተነሣበትን ቦታ በዓይን በማይታይ መልኩ ይዞ ይቀመጣል። ቴሌግራምን በመሰሉ መተግበሪያዎች እንደ ተራ ፎቶግራፍ ሲላክ ግን ምስሉ ስለሚጨመቅ ይህ የተደበቀ መረጃ ይጠፋል። በመሆኑም ብልሽት የሚያሳውቅ ዜጋ ፎቶግራፉን በፋይል መልክ ቢልክ ወይም የቦታውን ስምና አቅጣጫ አብሮ ቢጽፍ ይመከራል።

ይኸው የተደበቀ መረጃ ጉዳትም ሊያስከትል ይችላል። በቤት ውስጥ የተነሣ ፎቶግራፍ ለሕዝብ ክፍት በሆነ ካርታ ላይ ሲጫን የመኖሪያ ቤትን ትክክለኛ ቦታ ለማያውቁት ሰው ሊያሳይ ይችላል። እንዲህ ላለ ምስል አስቀድሞ የስልክ ካሜራን የቦታ አመልካች መዝጋት ተገቢ ነው። የሰዎች ፊት፣ የመኪና ሰሌዳ፣ በጤና ተቋም ወረፋ የሚጠብቁ ሕሙማን ወይም ሕፃናት በፎቶግራፉ ላይ እንዳይገቡ መጠንቀቅ፣ ከገቡም መሸፈን ያስፈልጋል። ማንነትን ለመለየት የሚያስችል መረጃ በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ጥበቃ የተደረገለት መሆኑንም መገንዘብ ይገባል።

በአጠቃላይ በካርታ መስኮት ላይ የሚታይ ፎቶግራፍ ትክክለኛውን በር ለማግኘት የሚረዳ መረጃ ነው። ቀኑንና ሰዓቱን አረጋግጠው፣ አስፈላጊ ሰነዶችን አሟልተው ይነሡ። በካርታው ላይ ያለው ፎቶግራፍ ወይም ምልክት ከእውነታው የተለየ ሆኖ ካገኙት ደግሞ የተቋሙን ስም፣ የተመለከቱበትን ቀንና የተቻለ እንደሆነ የአሁኑን በር የሚያሳይ ፎቶግራፍ አያይዘው ካርታውን ላዘጋጀው ተቋም ያሳውቁ። አንድ ተገልጋይ የሚሰጠው እርማት ከእርሱ በኋላ የሚመጡትን ባለጉዳዮች ከከንቱ ድካም ያድናል።