ሙቀትን የሚታገሥ ጎማ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወደ ዓባይ ሸለቆ የወረደ፣ የደጀንንም አቀበት ወጥቶ ሉማሜ የደረሰ የጭነት መኪና ሲቆም፣ ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመለከተው ጎማውን ነው፤ ከሸለቆው ወላፈንና ከፍሬኑ ግለት የተነሣ ጎማው እጅ የማያስነካ ይሆናልና። ይህን ዘወትር የሚያይ የሉማሜ ጎሚስታ፣ የአውሮፕላን ጎማ የሚቀበለውን መከራ ለመገመት አይቸገርም።

አውሮፕላን ሲያርፍ፣ በአየር ላይ ሳይሽከረከር የቆየው ጎማ መሬት በነካበት ቅጽበት በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር ያህል እንዲሮጥ ይገደዳል፤ ያን ጊዜ ከሥሩ ቡልቅ የሚለው ጢስ የገዛ ገላው ቃጠሎ ነው። ነዳጅና መንገደኛ ተጭኖ መነሣት ግን ከማረፍ ይልቅ ይከብደዋል። የቦሌ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለና አየሩ የሳሳ ስለ ሆነ፣ ክንፉ ጭነቱን ያነሣ ዘንድ አውሮፕላኑ በባሕር ዳርቻ ካለ ሜዳ ይልቅ በመቶ 12 ያህል አብልጦ መሮጥ ግድ ይሆንበታል፤ ፍጥነት በጨመረ መጠንም ጎማው ይግላል።

እንግዲህ የጎማ ሊቃውንት ድካም ሁሉ ከሙቀት ጋር የሚደረግ ተጋድሎ ነው። አሜሪካዊው ፈልሳፊ ቻርልስ ጉድይር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1839 የጎማ ዛፍን ሙጫ ከድኝ ጋር አዋሕዶ ቢያሞቀው፣ በበጋ የሚሟሟው በብርድም የሚደርቀው ባሕርዩ ተለወጠ፤ ድኙ የሙጫውን ረጃጅም ሰንሰለቶች እርስ በርሳቸው አስተሳስሯቸዋልና። በኋላም ጥላሸት ተጨምሮበት መፋቅን የሚቋቋም ሆነ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጃፓን የእስያን የጎማ ተክል በያዘች ጊዜ አሜሪካውያን ሰው ሠራሽ ጎማ በብዛት አወጡ፤ ዳሩ ግን ይህ ጎማ በተጣጠፈ ቁጥር በውስጡ ሙቀት ስለሚያጠራቅም፣ ለከባድ መኪናና ለአውሮፕላን የዛፉ ሙጫ ተመራጭነቱን አላጣም። የዛፉ ሙጫ ሲለጠጥ ሰንሰለቶቹ በሥርዓት ተሰልፈው ስንጥቅ እንዳይሰፋ ይከለክላሉ፤ ይህ እጅግ ድንቅ ጸጋ ነው፣ ሰው ሠራሹም እስከ ዛሬ በምልአት አልወረሰውም።

በአውሮፕላን ጎማ ውስጥ የሚሞላውም ተራ አየር ሳይሆን ናይትሮጅን ነው፤ እሳት የሚያፋፍም ኦክሲጅን እንዳይገኝበት።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2000 ፓሪስ አጠገብ የወደቀውን ኮንኮርድ የተባለ አውሮፕላን በሜዳው ላይ የነበረ ስለታም ብረት ጎማውን ቀደደው፤ የጎማው ትልቅ ቁራጭም የነዳጁን ታንከር በመምታቱ የ113 ሰዎች ሕይወት ጠፋ። ከዚህ መዓት በኋላ የጎማ አምራቹ ሚሽለን በግፊትና በፍጥነት እምብዛም የማይለጠጥ፣ ቢቀደድ እንኳ በትናንሽ ቁራጮች ብቻ የሚበተን ጎማ ለኮንኮርድ አበጀና የቀሩት የኮንኮርድ አውሮፕላኖች በማግሥቱ ዓመት ወደ በረራ ተመለሱ። ዛሬም ተመራማሪዎች የእስያው ዛፍ በበሽታ ቢመታ ዓለም እንዳይቸገር፣ በሜክሲኮ በረሃ የሚበቅለውን ጉዋዩሌ የተባለ ቁጥቋጦ ሙጫውን እየጨመቁ ይመረምራሉ።