«ማቅለም»፣ «ምውት» እና የቃጠሎ ጥልቀት

የእሳት ቃጠሎ ወደ ቆዳ ምን ያህል እንደ ዘለቀ ከሚታወቅባቸው መንገዶች አንዱ ከቁስሉ ናሙና ወስዶ፣ እጅግ አሳስቶ ቆርጦና በቀለም ለይቶ በአጉሊ መነጽር መመርመር ነው። ቀዶ ሐኪም አሳንሶ ቢቆርጥ ምውቱ ሥጋ ይቀራል፤ አብዝቶ ቢቆርጥ ሕያው ቆዳ ይጠፋል። ስለዚህ የላቦራቶሪው ቃል መጥራት አለበት።

ይህን ሥራ «ቀለም መቀባት» ማለት አይስማማንም። ግድግዳ ሲቀባ ቀለሙ ከላይ ይቀራል፤ ፈትል ሲነከር ግን ወደ ውስጥ ይዘልቃል። በኅብረ ሕዋስም የሚሆነው ሁለተኛው ስለሆነ «ማቅለም» የሚለውን መርጠናል፤ ቁሱም «ማቅለሚያ» ይባል።

የተለመዱት ማቅለሚያዎች ሄማቶክሲሊንና ኢዮሲን ናቸው። የመጀመሪያው የሕዋሱን አስኳል ሰማያዊ ሐምራዊ፣ ሁለተኛው የቀረውን ሮዝ ያደርጋል። ነገር ግን የሕዋስ ሞት በቅርጹ ላይ እስኪታይ ሰዓታት ስለሚወስድ፣ ከቃጠሎው በኋላ ወዲያው የተወሰደ ናሙና ያታልላል።

ፒየር ማሶን በ1929 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ባለ ሦስት ቀለም ዘዴ ጤነኛውን ኮላጅን ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ያደርገዋል፤ በሙቀት የተለወጠው ግን ወደ ቀይ ያደላል። ከባዱ የቃል ችግር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ኮላጅን ከሕዋስ ውጭ ያለ ጭረት እንጂ ሕዋስ አይደለም፤ ሕይወት ያልነበረው ነገርም አይሞትም። ስለዚህ «ምውት ኮላጅን» ሳይሆን «በሙቀት የተለወጠ ኮላጅን» እንላለን። ልዩነቱ የሰዋስው ብቻ አይደለም፤ ኮላጅኑ ሳይለወጥ ከሥሩ ያሉት ሕዋሳትና የደም ሥሮች ሊሞቱ ስለሚችሉ ሁለቱ ወሰኖች ሁልጊዜ አይገጥሙም። ሁለቱንም «ምውት» ብሎ የሚጽፍ ሪፖርት የትኛውን ወሰን እንደ ለካ አያሳውቅም።

ናይትሮ ብሉ ቴትራዞሊየም በተባለው ጨው የሚደረገው ምርመራ ደግሞ «ማቅለም» የሚለውን ቃል ራሱን ይፈትነዋል። ጨው ፈዛዛ ቢጫ ነው፤ ሰማያዊ የሚያደርገው በሕያው ሕዋስ ውስጥ ያለ ኤንዛይም ነው። ቀለሙን የሚሠራው ሕዋሱ በመሆኑ «ሕያውነትን በቀለም መለየት» ብለነዋል። ፎርማሊን ኤንዛይሙን ስለሚያዳክመው ናሙናው ትኩስ እንዳለ ይቀዘቅዛል።

በመጨረሻም፣ «አንደኛ ደረጃ ቃጠሎ» የሚለውን እንድንተው እንመክራለን። በአማርኛ አንደኛ ደረጃ የበላይ ነው፤ በሕክምና ግን ቀላሉ ቃጠሎ ነው። «ላይ ላዩን»፣ «ከፊል ጥልቀት» እና «ሙሉ ጥልቀት» ቢባል የሚሰማው ሁሉ ይረዳዋል።