ነጠላና ፊት በስላይድ ፊልም

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው አቀበት፣ በቁስቋም ማርያም ደጅ፣ ኅዳር 6 ቀን ረፋዱ ላይ ነጭ ነጠላ ያጣፋ ብዙ ሕዝብ ይታያል። ክረምቱ አልፏልና ሰማዩ የጠራ፣ ፀሐዩም የበረታ ነው። ይህን በዓል በባለቀለም ስላይድ ፊልም ለማንሣት የሚፈልግ ሰው አንድ ከባድ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ ይኸውም ነጩ ልብስና ጠይሙ ፊት በአንድ ሥዕል ውስጥ ሁለቱም እንደ መልካቸው የሚወጡት እንዴት ነው የሚል ነው።

ኔጋቲቭ በሚባለው ፊልም የተነሣ ፎቶግራፍ ብርሃኑ ጥቂት ቢዛነፍ ወደ ወረቀት በሚታተምበት ጊዜ ሊታረም ይችላል። ስላይድ ግን ይህ ዕድል የለውም። በካሜራው ውስጥ ብርሃን ያረፈበት ያው ፊልም ራሱ ታጥቦ ሥዕል ይሆናል፤ በማሳያ መሣሪያም ጎልቶ በነጭ ግድግዳ ላይ ይታያል። ብርሃን የበዛበት ስፍራ ቀለሙን አጥቶ ባዶ ይቀራል፤ ያነሰበትም ይጠቁራል። ወደ ፊልሙ የሚገባውን ብርሃን እጥፍ ማድረግ ወይም በግማሽ መቀነስ አንድ እርከን ቢባል፣ በስላይድ ላይ የግማሽ እርከን ልዩነት እንኳ ለዓይን ይታወቃል።

የብርሃኑን መጠን የሚወስኑት የሌንሱ ቀዳዳ ስፋትና መዝጊያው ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ ናቸው። ፍጥነቱ 100 ለሆነ ፊልም፣ በጠራ ፀሐይ፣ ቀዳዳው 16፣ ጊዜውም 1/125 ሰከንድ ይሆናል። ይህ የቆየ መመሪያ ከመለኪያ መሣሪያ ይልቅ የሚታመንበት ጊዜ አለ። መለኪያው የተነጣጠረበትን ነገር ሁሉ መካከለኛ ግራጫ፣ ማለትም ካረፈበት ብርሃን 18 ከመቶ ያህሉን የሚመልስ አድርጎ ይቆጥራልና። ወደ ነጠላው ሲነጣጠር ብርሃን ያስቀንሳል፤ ነጠላው አመድማ፣ ፊቱም ከሰል ይመስላል። ወደ ጠይሙ ፊት ብቻ ሲጠጋ ደግሞ ያስጨምራል፤ ያን ጊዜ ፊቱ ከመልኩ በላይ ይፈካል፣ የነጠላው ድርና ማግ ይጠፋና ጥለቱ ብቻውን የተንሳፈፈ ይመስላል። ሽሮ ሜዳ የሸማኔዎች ሰፈር ነውና ይህ ጥፋት በዚያ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

መፍትሔው በእጅ ላይ ይገኛል። የሰው መዳፍ፣ የፊቱ ቀለም ምንም ይሁን ምን፣ ከመካከለኛው ግራጫ አንድ እርከን ያህል ይፈካል። ስለዚህ መዳፍን ተነሺው በቆመበት ብርሃን ዘርግቶ መለካት፣ ከዚያም አንድ እርከን መጨመር ይበቃል። የሽመናው ሥራ ጎልቶ እንዲታይ ከተፈለገ ጭማሪው ወደ ግማሽ እርከን ዝቅ ይላል፤ ፊቱ ጥቂት ቢጠይምም መልኩን አይለቅም።

እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአናት ስትወርድ ዓይን በጥላ ይሸፈናል። በዚህ ጊዜ ተነሺውን ወደ አጥር ጥግ ማስጠጋት ይሻላል። ነጠላው ራሱ ብርሃን እየመለሰ ፊትን ያፈካልና ከእርሱ የተሻለ ረዳት የለም። ነገር ግን በጥላ ውስጥ የሚደርሰው ብርሃን ከሰማዩ የመጣ ስለሆነ ስላይዱ ሰማያዊ ይሆናል፤ በሌንሱ ላይ ፈዘዝ ያለ ብጫማ ማጣሪያ መግጠም ያስፈልጋል።

ከስላይድ ፊልሞች ዝነኛ የነበረው ኮዳክሮም በ1935 እ.ኤ.አ. ወጥቶ በ2009 ምርቱ ቆሟል፤ ተቋርጦ የነበረው ኤክታክሮም ግን በ2018 ተመልሷል። ፊልሙ ውድ ነው። ቢሆንም በዓሉ በዓመት አንድ ጊዜ ነውና ዋና የሆነውን ሥዕል ሦስት ጊዜ፣ አንዱን በተለካው መጠን፣ አንዱን ግማሽ እርከን ቀንሶ፣ አንዱን ግማሽ ጨምሮ ማንሣት ተገቢ ነው። የየሥዕሉ ቁጥር፣ ቀዳዳና ጊዜ በማስታወሻ ደብተር ከተጻፈ፣ ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ ከሦስቱ የትኛው ነጠላውንም ፊቱንም እንዳወጣ በብርሃን ፊት ይዞ ማመሳከር ይቻላል።