ቤቱ በምን ላይ ቆሟል?

(በሬዲዮ ከተላለፈ ስብከት ለንባብ የተዘጋጀ)

ንባብ፦ ኤርምያስ 32፥6-15፤ ማቴዎስ 7፥24-27፤ ኤፌሶን 1፥13-14፤ 1ኛ ጴጥሮስ 1፥3-5



ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ የፕሮግራማችን አድማጭ መልእክት ላከልን። የሚኖረው አሜሪካ፣ ዋሽንግተን አካባቢ ነው፤ ታክሲ ይነዳል። ከመልእክቱ ጋር አንድ ፎቶግራፍ አያይዟል። ነጭ ቤት፣ ሰፊ በረንዳ፣ የኮኮናት ዛፎች፣ ከደረጃው ሥር ደግሞ እንደ መስተዋት የጠራ ሰማያዊ ባሕር። ቤቱ ያለው በጃማይካ ደሴት ነው። «ፓስተር፣ 16 ዓመት ሙሉ ሌሊት ነድቻለሁ» ይላል። «ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሆነን ልንገዛው ነው። ለጊዜው ለእንግዳ እናከራየዋለን፣ ስናረጅ እንኖርበታለን። ይህን ፎቶ ካየሁ ወዲህ ግን እንቅልፍ የለኝም፤ ስተኛም ስነሳም እሱ ነው። መግዛቱ ኃጢአት ነው ወይ?»

ጥያቄው የእሱ ብቻ አይደለም። አንዱ የባሕር ዳር ቪላ ያልማል፣ ሌላው ኮንዶሚኒየም፣ ሌላዋ ደግሞ በዓረብ አገር ደመወዟን እያጠራቀመች እናቷን የምታስገባበት ሁለት ክፍል ቤት። መጠኑ ይለያያል እንጂ ምኞቱ አንድ ነው። «አንድ ቀን እፎይ የምልበት ጎጆ ይኖረኛል» የሚል ነው። ስለዚህ ወዳጄ፣ ይህ ጽሑፍ ለአንተም ነው፤ እህቴ፣ ላንቺም ነው።

ቤት መግዛት ኃጢአት አይደለም። ነቢዩ ኤርምያስ ራሱ መሬት ገዝቷል። ኢየሩሳሌም በባቢሎን ጦር ተከብባ፣ እሱም በግዞት ቤት ሳለ፣ በዓናቶት የነበረውን እርሻ በ17 ሰቅል ብር ገዛ። ብሩን በሚዛን መዘነ፣ ምስክሮች ጠራ፣ ውሉን ፈረመ። አንዱን የታተመ፣ አንዱን የተከፈተ አድርጎ በሸክላ ዕቃ አስቀመጠው። አየህ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ውልን አይንቅም። ነገር ግን ልብ በል፤ ኤርምያስ መሬቱን ገዛ እንጂ መሬቱ ኤርምያስን አልገዛውም። ወንድማችንን ግን ቤቱ፣ ገና ሳይገዛው ገዝቶታል። እንቅልፉን ወስዶበታል እኮ!

እንግዲህ አስተዋይ ገዢ የሚጠይቃቸውን ሦስት ጥያቄዎች እናንሣ። ለቤቱም ለነፍስም ይጠቅማሉ።

አንደኛው ጥያቄ፦ ከቤቱ ሥር ያለው ምንድን ነው?

ፎቶግራፍ በረንዳውን እንጂ መሠረቱን አያሳይም። ደላላም ስለ መሠረት ማውራት አይወድም። የባሕር ዳር መሬት ላዩ ደረቅ ነው፤ ትንሽ ሲቆፈር ግን አሸዋ፣ ከአሸዋው ሥር ውሃ ይገኛል።

ጃማይካ ይህን በመከራ ተምራለች። ከዛሬዋ ዋና ከተማ ከኪንግስተን ፊት ለፊት፣ ወደ ባሕር እንደ ምላስ በተዘረጋ አሸዋ ጫፍ ላይ፣ ፖርት ሮያል የምትባል ከተማ ነበረች። በ17ኛው መቶ ዘመን እንግሊዞች በዚያ የዓለም ክፍል ከነበሯቸው ሀብታም ከተሞች አንዷ ነበረች። ገንዘቡ ከንግድ፣ ከባሕር ላይ ዘረፋና ከባሪያ ሽያጭ የመጣ ነው። ነጋዴዎቹ በአሸዋው ላይ ከባባድ የጡብ ፎቆች ሠሩ። ባሕሩን የሚያይ ቤት፣ መርከብ ደጃፉ ድረስ የሚመጣለት ቤት፣ ምን የመሰለ ቤት!

እ.ኤ.አ. ጁን 7 ቀን 1692 ቀትር ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ምድር ተናወጠች። በውሃ የራሰ አሸዋ በኃይል ሲናወጥ ፍሬዎቹ እርስ በርስ መደጋገፋቸውን ይተዉና እንደ ፈሳሽ ይሆናል። ያ ሁሉ የጡብ ፎቅ ቁልቁል ሰመጠ። ከከተማዋ ሁለት ሦስተኛው ያህል ባሕር ገባ። ወደ 2,000 ሰዎች በዚያው ቀን ሞቱ፣ ከዚያ በኋላም በበሽታ ብዙዎች አለቁ። እ.ኤ.አ. በ1959 ጠላቂዎች ከባሕሩ ሥር አንድ የኪስ ሰዓት አወጡ። በምርመራ ሲታይ የቆመው በእኛ አቆጣጠር 5 ሰዓት ከ43 ደቂቃ ላይ ነበር። ሰዎቹ ምሳ አልበሉም።

አንዳንዱ «ኃጢአተኞች ስለነበሩ ነው» ይላል። ጌታ ግን በሉቃስ 13 ላይ የሰሊሆም ግንብ ስለ ወደቀባቸው ሰዎች ሲናገር፣ ከሌሎቹ የባሱ ኃጢአተኞች አድርገን እንዳናያቸው አስጠንቅቆናል። የሞተውን ለመፍረድ ሳይሆን የቀረነው ንስሐ እንድንገባ ነው የነገረን።

የአሁኑ ዘመን ሰው ታዲያ ይህን አልፎታል? ዕውቀቱ ጨምሯል። ዛሬ አስተዋይ ገዢ መሐንዲስ ይዞ ይሄዳል፣ አፈሩን ያስመረምራል፣ ቤቱ ከውሃው ምን ያህል እንደራቀና ከፍታው ስንት እንደሆነ ያስለካል። ከባሕሩ ውስጥ ያለውን የኮራል አለትም ይጠይቃል። ኮራሉ የማዕበሉን ጉልበት ቀድሞ የሚሰብር አጥር ነው፤ ሲሞት ማዕበሉ በቀጥታ ወደ ባሕሩ ዳር ይመጣል። በጃማይካ ምዕራባዊ ጫፍ ኔግሪል የሚባለው የታወቀ የአሸዋ ዳርቻ ለዓመታት ሲሸረሸር የቆየ ነው። እዚያ ቤት መግዛት የሚፈልግ ሰው በጥር ብቻ ሳይሆን በጥቅምትም ሄዶ ይየው። የካሪቢያን የአውሎ ነፋስ ወቅት ከጁን እስከ ኖቬምበር ነው፤ ሻጭ ግን ፎቶ የሚያነሣው ፀሐይ በወጣ ቀን ነው።

ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም. ሜሊሳ የተባለው አውሎ ነፋስ በሰዓት ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ነፋስ ይዞ የጃማይካን ደቡብ ምዕራብ መታ። ብላክ ሪቨር የምትባለው የባሕር ዳር ከተማ ክፉኛ ተጎዳች። የቪላውም ጣሪያ ሄደ፣ የድኻውም ቆርቆሮ ሄደ።

በማቴዎስ 7 ላይ ጌታ የነገረን ይህንኑ ነው። ሁለት ሰዎች ቤት ሠሩ። ዝናቡ አንድ፣ ጎርፉ አንድ፣ ነፋሱ አንድ። «ክርስቲያን ነኝና ነፋስ አይነካኝም» የሚል ተስፋ በምሳሌው ውስጥ የለም። ልዩነቱ ከሥር ነው። አንዱ የጌታን ቃል ሰምቶ አደረገው፣ ሌላው ሰምቶ ተወው። ሁለቱም ሰምተዋል፤ ስብከት መስማት ብቻውን መሠረት አይሆንም። ወዳጄ፣ የአንተ ሕይወት ከሥሩ ምን አለው? ጤናህ? ሥራህ? የባንክ ደብተርህ? በአንድ የሐኪም ወረቀት፣ በአንድ የስልክ ጥሪ እንደዚያ አሸዋ ፈሳሽ የሚሆን ነገር ነው?

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ካርታው በማን ስም ነው?

በጃማይካ የውጭ አገር ሰው መሬትን በሙሉ ባለቤትነት መግዛት ይችላል። በሁሉም ደሴት እንዲህ አይደለም። በታይላንዷ ፉኬት ለምሳሌ የውጭ ሰው መሬቱን በስሙ ማድረግ አይፈቀድለትም፤ ብዙውን ጊዜ ለ30 ዓመት ተከራይቶ ነው የሚኖረው። ሰው «ገዛሁ» ብሎ ይፎክራል፣ የያዘው ግን የኪራይ ወረቀት ነው።

በጃማይካ የተመዘገበ መሬት ካርታ የጥራዝና የገጽ ቁጥር አለው። ዕዳም ሆነ እግድ ካለበት እዚያው ይመዘገባል። ያልተመዘገበ መሬትም አለ። ስለዚህ ጠበቃ መዝገቡን ሳያይ፣ ቀያሽም ድንበሩን ሳይለካ ቀብድ አይከፈልም። ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ1956 በወጣው የባሕር ዳርቻ ሕግ መሠረት በማዕበሉ የሚሸፈነው ዳርቻና የባሕሩ ወለል የመንግሥት ነው። ዋጋውን ሰማይ ያደረሰው ባሕሩ ሆኖ ሳለ፣ ባሕሩ በሽያጩ ውስጥ የለም ማለት ነው!

እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ካርታ በእጅ እያለ ቤት ሲሄድ አይተናል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትና ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ የዕድሜ ልክ ልፋት በአንድ የሬዲዮ ዜና ሄደ። ከዚያችው ከጃማይካ የመጡ ሰዎችም ደርሶባቸዋል። እኛ ዛሬ የእነርሱን ደሴት እንመኛለን፤ እነርሱ ግን ኢትዮጵያን የተስፋ ምድር ብለው፣ ንጉሠ ነገሥቱ በሰጡት 5 ጋሻ መሬት ላይ ሻሸመኔ ሰፍረው ነበር። አብዛኛው መሬት በዚያ አዋጅ ተወሰደባቸው። የሰው ልጅ ሁሉ በሌላው አገር ዕረፍት አለ ብሎ ባሕር ይሻገራል።

ጌታ ደቀ መዛሙርቱን በሉቃስ 10፥20 የነገራቸው ስማቸው በሰማይ በመጻፉ ደስ እንዲላቸው ነው። ያንን መዝገብ አዋጅ አይሽረውም። የስም ማዛወሪያው ዋጋስ? ሐዋርያው ጴጥሮስ እንዳስተማረው የተዋጀነው በብርና በወርቅ አይደለም፣ በክርስቶስ ክቡር ደም ነው። 16 ዓመት ሌሊት ነድተህ የምትከፍለው አይደለም። ተከፍሏል።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ እስከ መቼ?

የባሕር ነፋስ ጨው ይይዛል። ጨው ኮንክሪቱ ውስጥ ገብቶ ፌሮውን ያዝገዋል፤ ፌሮው ሲዝግ ያብጣል፣ ሲያብጥ ኮንክሪቱን ይሰነጥቃል። ማጠፊያ፣ መቆለፊያ፣ የአየር ማቀዝቀዣ፣ ሁሉም ቶሎ ይበላል። ጌታ በምድር መዝገብ እንዳናከማች ሲናገር ብልና ዝገትን ያነሣው በከንቱ አይደለም። ኢንሹራንሱም ውድ ነው፤ በአውሎ ነፋስ ጊዜ ከጉዳቱ የተወሰነውን ባለቤቱ ራሱ ይሸፍናል። የቤቱ ዋጋ የሚከፈለው አንዴ ብቻ አይደለም፣ በየዓመቱ ነው።

ቤቱ ቢጸና እንኳ ባለቤቱ አይጸናም። በጃማይካ ሰሜናዊ ዳርቻ ጎልደንአይ የተባለ የታወቀ ቤት አለ። የጄምስ ቦንድን ታሪኮች የጻፈው ኢያን ፍሌሚንግ መሬቱን እ.ኤ.አ. በ1946 ገዝቶ ሠራው፤ በ1964 በ56 ዓመቱ ሞተ። በ1976 ቦብ ማርሌይ ገዛው፤ ብዙም ሳይቆይ ለክሪስ ብላክዌል ተላለፈ። ቦብ በ36 ዓመቱ አረፈ። ቤቱ ዛሬ ሆቴል ነው፤ የከፈለ ሁሉ ያድርበታል። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ የእንግሊዙ ጸሐፌ ተውኔት ኖኤል ካዋርድ ባሕሩን ቁልቁል ከሚያይ ኮረብታ ላይ ፋየርፍላይ የሚባል ቤት ነበረው። እዚያው በ1973 ሞተ፤ እዚያው ተቀበረ። የወደደው ቦታ አሁንም ባሕሩን ያያል፣ እሱ ግን አያይም። በሉቃስ 12 ያለው ባለጠጋም ጎተራውን ሊያሰፋ ያቀደባት ሌሊት የመጨረሻው ሌሊት ሆነችበት። ስሕተቱ ማቀዱ አልነበረም፤ በዕቅዱ ውስጥ እግዚአብሔር አለመኖሩ ነው።

ወደ ፖርት ሮያል አንዴ እንመለስ። እዚያ በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ የሉዊስ ጋልዲ መቃብር አለ። በመቃብሩ ድንጋይ ላይ እንደ ተጻፈው፣ በዚያ ቀን ምድር ዋጠችው፤ ሌላ መናወጥ መጣና ወደ ባሕር ተፋችው፤ ጀልባ እስኪያነሣው ድረስ ዋኘ፤ በእግዚአብሔር ቸርነትም ተረፈ። የሞተው እ.ኤ.አ. በ1739 ነው። 47 ዓመት ተጨመረለት! ጻድቅ ስለ ነበረ አይመስልህ፤ በባሪያ ንግድም እጁ ያለበት ነጋዴ ነበር። ትርፍ ዘመን ለማይገባው ሰውም ይሰጣል። አንተስ? ከመኪና አደጋ፣ ከሕመም፣ ከጦርነት፣ ከባሕር ጉዞ የተረፍክ ስንት ጊዜ ነው? የተጨመረልህን ዘመን ምን አደረግህበት?

ቀብዱ ተሰጥቷል

ጃማይካ ውስጥ ገዢ ውሉን ሲፈርም አብዛኛውን ጊዜ ከዋጋው 10 ወይም 15 በመቶ ቀብድ ይከፍላል። ቀብድ ማለት «ቀሪው ይመጣል፣ አልመለስም» የሚል ማረጋገጫ ነው። ጳውሎስ በኤፌሶን 1 ላይ መንፈስ ቅዱስን የርስታችን መያዣ ብሎ የጠራው በዚህ ትርጉም ነው። በገበያ ቀብድ የምትከፍለው አንተ ነህ። በወንጌል ግን ቀብዱን የሰጠው እግዚአብሔር ነው፤ ለሚያምን ሰው መንፈሱን በልቡ አስቀመጠ። የሚጠብቀው ርስትም ጴጥሮስ እንደሚለው የማይጠፋ፣ የማይረክስ፣ የማይጠወልግ ነው። ጨው አይበላውም።

ለወንድማችን እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ጽፈን ላክንለት። ከሳምንታት በኋላ መለሰልን። «ፓስተር፣ ስለ ቤቱ ጠበቃው ሁሉንም መለሰልኝ። ካርታው ንጹሕ ነው። ስለ ራሴ ስጠየቅ ግን አንዱንም መመለስ አልቻልኩም።» ቤቱን ይግዛ አይግዛ አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅነውም። በዚያች ሌሊት ታክሲውን መንገድ ዳር አቁሞ ጸለየ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፉ ተመልሷል።

ወዳጄ፣ አንተም ዛሬ መጸለይ ትችላለህ። ቃሉ የአንተ ይሁን እንጂ እንዲህ ማለት ትችላለህ፦

«ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ ሕይወቴን በአሸዋ ላይ ሠርቻለሁ። የምመኘው ነገር ገዝቶኛል። ኃጢአቴን ይቅር በል። ስለ እኔ እንደ ሞትክና እንደ ተነሣህ አምናለሁ። ከዛሬ ጀምሮ መሠረቴ ሁን፤ ስሜን በመዝገብህ ጻፍ። በተጨመረልኝ ዘመን ቃልህን ሰምቼ እንዳደርግ እርዳኝ። አሜን።»

ይህን ከልብህ ከጸለይክ፣ ዛሬውኑ የዮሐንስን ወንጌል ማንበብ ጀምር። በአቅራቢያህ ወንጌል ወደሚሰበክባት ቤተ ክርስቲያን ሂድና የሆነውን ንገራቸው። ቤት የምትሠራ ከሆነም በርታ፣ ሥራ፤ በጥልቅ ቆፍረህ በዓለቱ ላይ ሥራ። ይህን ጽሑፍ አንብበህ ስትጨርስ ቤት ለሚፈልግ ጓደኛህ ስጠው።

እግዚአብሔር ይባርክህ።