ለጨለማ ክፍል የሚሆን መብራት ስለ መምረጥ

በሲሬና በአሰላ በብዙ ቤት ግድግዳ ላይ የአያቶቻችን ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ተሰቅሎ ይታያል። አልፎ አልፎም ኔጌቲቩ በሣጥን ተቀምጦ ስለሚገኝ፥ ለዕረፍት ወደ አገር ቤት ስንሄድ አንዱን ክፍል አጨልመን እንደ ገና ለማተም የምንመኝ ተማሪዎች አለን። ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ቤተ መንግሥቱን ያገለገሉት የቦያጂያን ቤተሰብም ሆኑ በየከተማው የነበሩት ፎቶ ቤቶች ሥራውን በእጃቸው ይሠሩት ነበርና ምኞቱ እብደት አይደለም። ማጉያውንና ኬሚካሉን ያገኘ ሰው ግን ወዲያው «ቀይ አምፖል ከየት ይገዛል?» ይላል። እኛ ደግሞ አስቀድሞ «ወረቀቱ የማያየው ብርሃን የትኛው ነው?» ብሎ ይጠይቅ እንላለን።

በፎቶ ወረቀት ላይ የተቀባው የብር ጨው በተፈጥሮው የሚያየው ሰማያዊና ሐምራዊ ብርሃን ነው። ስለዚህ ቁጥሩ በካርቶኑ ላይ ተወስኖ የሚሸጠው ተራ ወረቀት በብርቱካናማ መብራት ሥር ይሠራበታል። ኢልፎርድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1940 ያወጣው መልቲግሬድ ግን፥ የጥቁሩና የነጩ ልዩነት በማጣሪያ እንዲለዋወጥ ሲባል አረንጓዴም እንዲያይ ተደርጎ የተሠራ ነው። ለተራው ወረቀት የበቃ ቢጫማ መብራት ለዚህኛው ላይበቃ ይችላል። ፋብሪካው የሚያዘው 902 የተባለውን ፈዛዛ ቡናማ ማጣሪያ ነው፤ ከኮዳክ በኩል ኦሲ የሚባለው ብርቱካናማ ይሆናል። ጥቁር ቀይ ለሁለቱም ወረቀት ደኅና ነው፤ ነገር ግን በቀይ ሥር ሥዕሉ ለዓይን ያታልላል። ቀለም ሁሉ የሚያየው ዘመናዊ ፊልም ግን ምንም መብራት አይሻም፤ በድፍን ጨለማ ይታጠባል።

ከገበያ የሚገዛው ቀይ አምፖል ብዙ ጊዜ ቀለም የተቀባ ተራ አምፖል ነው፤ በቀለሙ ሥር ሰማያዊው ሾልኮ ይወጣል። ብርሃኑን በሲዲ ጀርባ ላይ አሳርፎ መመልከት ይበቃል፤ ከቀዩ ጎን አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ መስመር ከታየ አምፖሉ ለደጃፍ ይሁን። በአምፖል ላይ ቀይ ጨርቅ መጠቅለል ደግሞ እሳት መጥራት ነው።

ማጣሪያው ጥሩ ቢሆን እንኳ ፍጹም አይደለም። 15 ዋት አምፖል ከወረቀቱ ቢያንስ 1.2 ሜትር መራቅ አለበት። ጉዳቱ መጀመሪያ የሚታየው በነጩ ላይ ነው፤ የእናቶች ነጠላ አመድ ይመስላል፥ የጥልፉና የእጥፋቱ ዝርዝር ይጠፋል። ይህም ከማጉያው ብርሃን የተቀበለ ወረቀት ጥቂት ሲጨመርበት ቶሎ ስለሚጠቁር ነው። ስለዚህ ባልተነካ ወረቀት ላይ ሳንቲም አስቀምጦ መሞከር ያሞኛል። መብራቱን አጥፍተን ወረቀቱን ሲታጠብ ፈዛዛ ግራጫ እስኪሆን ብቻ በማጉያው እናብራበት። ከዚያ ሳንቲሞች ደርድረን መብራቱን እናብራ፤ በካርቶን እየሸፈንን አንዱን ክፍል 2፥ ሌላውን 4፥ ሌላውን 8 ደቂቃ እናቆይ፤ መብራቱን አጥፍተን እንጠበው። የሳንቲሙ ክብ በ4 ደቂቃው ላይ ከታየ፥ ወረቀቱ ከካርቶኑ ከወጣበት ጀምሮ ጊዜው ከዚያ በታች ነው።

እዚህ ላይ የደጋው ብርድ ይመጣል። ማጠቢያው የሚሠራው በ20 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ወደ 13 ሲወርድ በውስጡ ያለው ሃይድሮኩዊኖን ሥራውን ሊያቆም ይቃረባል። የአርሲን ሌሊት የሚያውቅ ይህን አይጠራጠርም። ሥዕሉ አልወጣ ሲል ወረቀቱ በመብራቱ ሥር ይቆያል፥ በሙከራ የለካነው ጊዜም ያልፋል። ትሪውን ለብ ያለ ውሃ ባለበት ሰፊ ሳፋ ውስጥ ማስቀመጥ መድኃኒቱ ነው።

ወረቀቱ በሃይፖ ውስጥ አንድ ሁለት ደቂቃ ሳይቆይ፥ የቀረውም ወረቀት በካርቶኑ ሳይከደን ነጩ መብራት አይበራም። «ቡና ደርሷል» ብሎ በሩን ለሚከፍትም ሰው አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።