በእህል ውስጥ የተሸሸገውን መርዝ በደቂቃዎች መለየት

እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮዎች ምክንያቱ ባልታወቀ በሽታ አለቁ። ምርመራው ያመራው ወደ መኖአቸው ነበር። ከብራዚል የመጣው የለውዝ ፋጉሎ አስፐርጂለስ ፍላቨስ በተባለ ሻጋታ ተበክሎ ተገኘ፤ ሻጋታው የሚያመነጨው መርዝም አፍላቶክሲን የሚል ስያሜ ተሰጠው።

አደጋው በእንስሳት ብቻ አልተወሰነም። እ.ኤ.አ. በ2004 በምሥራቃዊ ኬንያ የተበከለ በቆሎ ከተመገቡት መካከል 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል። መርዙ በጥቂት በጥቂቱ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ለጉበት ካንሰር ያጋልጣል፤ በመቀቀልና በመጋገርም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። በአገራችንም በሚገባ ሳይደርቅ የተከማቸ በቆሎ፣ ለውዝና በርበሬ ለዚህ ሻጋታ የተመቸ ነው። የተበከለ የኑግ ፋጉሎ የበላች ላምም የመርዙን ተለዋጭ በወተቷ ታስተላልፋለች።

መርዙን በዓይን መለየት አይቻልም፤ ንጹሕ የሚመስል እህልም ሊይዘው ይችላል። በቤተ ሙከራ የሚካሄደው የክሮማቶግራፊ ምርመራ አስተማማኝ ቢሆንም ውድ መሣሪያና የሠለጠነ ባለሙያ ይሻል። በገበያና በመጋዘን የሚያገለግለው ፈጣን መመርመሪያ ግን አነስተኛ የወረቀት ቁራጭ ነው። የተፈጨው እህል አልኮል በተቀላቀለበት ውኃ ተበጥብጦ ይጣራል፤ ቁራጩም በፈሳሹ ውስጥ ይነከራል። በፈሳሹ የሚጓዙት አንቲቦዲዎች ቀይ ቀለም ከሚሰጡ እጅግ ደቃቅ የወርቅ ቅንጣቶች ጋር የተያያዙ ናቸው። እህሉ ንጹሕ ከሆነ አንቲቦዲዎቹ በወረቀቱ ላይ አስቀድሞ ከተለጠፈው መርዝ ጋር ተጣብቀው ቀይ መስመር ይሠራሉ። መርዝ ካለ ግን በእርሱ ስለሚያዙ መስመሩ ይደበዝዛል ወይም ይጠፋል። እንግዲህ ከእርግዝና መመርመሪያ በተቃራኒ፣ እዚህ የመስመር መጥፋት የመርዝ መኖር ምልክት መሆኑን ልብ እንበል። ሁለተኛው የመቆጣጠሪያ መስመር ካልታየ ደግሞ ምርመራው ዋጋ የለውም።

ይሁን እንጂ ትልቁ ስሕተት የሚመነጨው ከወረቀቱ ሳይሆን ከናሙናው ነው። በአሜሪካ ለሰው ምግብ የተፈቀደው ጣሪያ በ1 ኪሎግራም 20 ማይክሮግራም ነው። በ1 ኪሎግራም በቆሎ ውስጥ 3,000 ያህል ፍሬዎች አሉ እንበል። ከእነዚህ አንዷ ብቻ 30 ማይክሮግራም መርዝ ብትይዝ፣ ሌሎቹ በሙሉ ንጹሕ ቢሆኑም እንኳ ኪሎው ከጣሪያው ያልፋል። ከጆንያው አፍ አንድ እፍኝ ዘግነን ብንመረምር ያቺን ፍሬ የማግኘት ዕድላችን ምን ያህል ነው?

ስለዚህ ናሙናው ከየጆንያው ላይ፣ መካከልና ታች ተወስዶ አንድ ላይ መደባለቅ፣ በሙሉ መፈጨትና እንደገና በሚገባ መዋሐድ ይኖርበታል። ለምርመራ የምትቀርበው ጥቂት ዱቄት የምትወሰደው ከዚህ በኋላ ነው። የምርመራው ፍጥነት የናሙና አወሳሰድን ትዕግሥት አይተካም፤ በጥድፊያ የተገኘ «ንጹሕ ነው» የሚል ውጤት መርዙን ወደ ማዕዳችን በልበ ሙሉነት እንድናቀርብ ያደርገናልና።